የማይወጣ ቀለበት

ጊኒር ላይ ከሰዓት በኋላ ጣት አስጨንቆ የያዘ ቀለበት፣ በማግስቱ ማለዳ ጎባ ላይ ፊት ሲታጠቡ ከሳሙናው አረፋ ጋር ተንሸራትቶ ሊወርድ ይችላል። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ጣቱ ነው። ወርቅ ቤት ገብቶ ጣቱን ያስለካ ሰው ግን ቁጥሩን አንዴ ካወቀ ለዕድሜ ልኩ ያወቀ ይመስለዋል። ቀለበት ጠበበ፣ ቀለበት ሰፋ፣ ቀለበት አልወጣ አለ የሚለው ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህን ነገር እንደ ባሌ አጉልቶ የሚያሳይ ምድር ጥቂት ነው። የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ጊኒር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ትገኛለች። ሮቤ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎባ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ 4000 ሜትርን ያልፋል፤ አጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4377 ሜትር ነው። ከዚያ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ደሎ መና ላይ ሙቀት ይቀበላል። በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ ጋቢ የሚያስፈልገውም፣ ሸሚዝ የሚከብደውም አየር አለ ማለት ነው። አንድ ቀለበት ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ላይ ሆኖ ማለፍ አለበት።

ሲሞቅ ሰውነት ትርፉን ሙቀት ለማስወጣት ወደ እጅ ብዙ ደም ይልካል። በጣት ቆዳ ሥር ደም ቅዳንና ደም መልስን በአቋራጭ የሚያገናኙ ጥቃቅን ቧንቧዎች አሉ፤ በሙቀት ወለል ብለው ይከፈታሉ፣ በብርድ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ። ሲከፈቱ ጣት በደም ይሞላል፤ ከደም ሥሮቹም ጥቂት ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ሲዘጉ ጣት ይከሳል። ቀለበት በጎባ ማለዳ የሚላላው፣ በጊኒር ቀትር የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ጨው የበዛበት ነገር በልቶ የተኛ ሰው ደግሞ ብርድም እያለ ጣቱ ተነፍቶ ሊነሣ ይችላል።

ከፍታም የራሱ ጠባይ አለው። ከቆላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ሳነቴ ላይ የወጣ እንግዳ ብርዱ ጣቱን ያከሳዋል ሲባል፣ አንዳንዴ በተቃራኒው እጁም ፊቱም አብጦ ያድራል። ከፍታ ያልለመደ ሰውነት ውኃና ጨው መያዝ ይቀናዋል። እብጠቱ ብቻውን ከሆነ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስና መንገዳገድ ከተጨመረበት ግን መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። በእግር የሚጓዝ ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እጁን አንጠልጥሎ ለሰዓታት የሄደ ሰው፣ ጣቶቹ ወፍረው ጡጫ ለመጨበጥ ሲያስቸግሩት ያየዋል። ቀለበት የሚወልቀው ጎባ ላይ፣ ከጉዞው በፊት ነው። ሳነቴ ላይ በደነዘዘ እጅ የወለቀ ቀለበት በጓሳው ውስጥ ከወደቀ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ጣት እንደ ሸንበቆ ነው፤ አንጓው ላይ ይወፍራል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ይቀጥናል። ቀለበት የሚያርፈው በቀጭኑ ቦታ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ወፍራሙን ማለፍ አለበት። አንጓው ከጣቱ ሥር ብዙ የማይበልጥ ሰው ይህን ሳያውቀው ይኖራል። አንጓው ጎላ ያለ ሰው ግን በሁለት ክፉ ምርጫ መካከል ይወድቃል። በአንጓው ልክ ከተሠራለት ቀለበቱ ሥሩ ላይ ሲደርስ ይዋልላል፣ ፈርጡም ወደ መዳፍ ይዞራል። በሥሩ ልክ ከተሠራለት ወይ አይገባም፣ ወይ ደግሞ አንድ ጊዜ በትግል ከገባ በኋላ አይወጣም።

በጣት ውስጥ ጡንቻ እንደሌለ ብዙ ሰው አያውቅም። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች በክንድና በመዳፍ ውስጥ ተቀምጠው በጅማት ይስቡታል። ስለዚህ በቀለበቱ ቦታ፣ በአጥንቱና በጅማቱ ዙሪያ ያለው ስብ፣ ደም ሥርና ቆዳ ነው፤ ሲጫኑት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አንጓው አጥንት በመሆኑ አይሸሽም። በአንጓው ጀርባ ላይ የተሸበሸበው ቆዳ ደግሞ ጣት ሲታጠፍ እንዲዘረጋ የተተወ ትርፍ ነው። ቀለበት በመውጣት ላይ ሳለ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ አጥንቱ ሳይሆን ይህ ትርፍ ቆዳ ነው፤ ቀለበቱ ከፊቱ እየገፋ ይከምረውና በገዛ ክምሩ ይታገዳል። ይህን የተረዳ ሰው ኋላ የምናየውን የማውጣት ዘዴ ሁሉ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

አንጓ በዕድሜ ይወፍራል። በመገጣጠሚያው ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ለስላሳ ልባስ ሲሳሳ አጥንቱ በጠርዙ በኩል ተጨማሪ አጥንት ያበቅላል። በጣት ጫፍ በኩል ባለው አንጓ ላይ የሚወጣውን ጉብታ ሐኪሞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ሐኪም በዊልያም ሄበርደን ስም ይጠሩታል። በመሃለኛው አንጓ ላይ የሚወጣው በፈረንሳዊው ሻርል ቡሻር ስም ይጠራል። ለቀለበት ጠላቱ የቡሻር ጉብታ ነው፤ የሄበርደኑ ከቀለበቱ ማረፊያ ወደ ጫፉ ፈንጠር ብሎ ስለሚገኝና ጣቱም እዚያ ቀጭን ስለሆነ ብዙም አያውክም። ይህ ነገር ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም ከማረጥ በኋላ ይበረታል፤ በዘርም ይወረሳል። ለዓመታት በከባድ የእጅ ሥራ የኖረ አንጓም ቀድሞ ሊጎላ ይችላል። በሃያ ዓመቷ የተሞሸረች ሴት በስድሳ ዓመቷ የሠርግ ቀለበቷ አልወጣ ቢላት፣ ቀለበቱ ያኔ በትክክል አልተለካም ማለት አይደለም።

ጉብታው ጠንካራና ቀዝቃዛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነገር ነው። አንጓው ለስለስ ብሎ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጣቶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ከመሄድ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይሻላል። ጣት ማንቋቋት አንጓ ያወፍራል ብለው እናቶች የሚቆጡት ቁጣ ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። ዶናልድ ኡንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህንኑ ለማጣራት ለ50 ዓመት የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲያንቋቋ ኖረ፤ ቀኙን አልነካም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ሲያሳትም በሁለቱም እጆቹ የመገጣጠሚያ በሽታ አልነበረም፤ በመካከላቸውም የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰውን አስቀው በሚያሳስቡ ጥናቶች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘበት። የአንድ ሰው ሁለት እጅ ለሳይንስ ትንሽ ነው፤ ለትዕግሥቱ ግን ሽልማቱ ሲያንሰው ነው።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። ጣት የሚለካው ሰውነት በርዶም ግሎም ባልሆነበት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከማለዳው ብርድ፣ ከሩጫ ወይም ከልብስ ማጠብ በኋላ የተገኘ ልክ አሳሳች ነው። የሚለካውም ሁለት ቦታ ነው፤ ሥሩና አንጓው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በጣቱ ዙሪያ ጠምጥሞ የተገናኘበትን ምልክት ማድረግና በማስመሪያ መለካት ይበቃል። ሥሩ 54 ሚሊ ሜትር፣ አንጓው 57 ሚሊ ሜትር መጣ እንበል። 57ን ለ3.14 ሲያካፍሉ 18.15 ይመጣል፤ በአንጓው ልክ የሚሠራ ቀለበት የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ማለት ነው። በዓለም አቀፉ አለካክ ይህ ቀለበት ቁጥሩ 57 ነው፣ በአሜሪካው ደግሞ 8። በአሜሪካው አቆጣጠር ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው ያለው ልዩነት በዙሪያ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የዚህ ጣት ሥርና አንጓ በአንድ ቁጥር ገደማ ይለያያሉ። ከውጭ አገር ቀለበት የሚልክ ዘመድ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ሲል መልሱ በሚሊ ሜትር ቢሆን የሚበጀው ለዚህ ነው፤ የአገሩ ሁሉ ቁጥር የተለያየ ነው፣ ሚሊ ሜትር ግን የትም አንድ ነው።

ልዩነቱ አንድ ቁጥር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በመካከሉ ያለውን ልክ መያዝ ነው። ጥሩ ቀለበት ሲገባ አንጓው ላይ ትንሽ ይታገላል፤ ሲወጣ ከመግባቱ የባሰ ይታገላል፤ ሥሩ ላይ ደርሶ ግን በቀላሉ ይዞራል። ያለ ምንም ትግል የሚወጣ ቀለበት አንድ ቀን ባልታሰበ ቦታ ይወጣል። ሰፋ ያለ ቀለበት፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ፣ ብዙ ሥጋ ስለሚሸፍን በቁጥር ሩብ ወይም ግማሽ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። በዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል፤ በቀጭን መለኪያ ተለክቶ ሰፊውን ያዝዛል።

ከዚያ በላይ የሚለያዩ ከሆነ ግን ቁጥር ብቻውን አይረዳም፤ የወርቅ ሠሪ ብልሃት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው ቀለበቱን በአንጓው ልክ ሠርቶ በውስጡ፣ በመዳፍ በኩል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን ድቡልቡል ጉብታዎችን መበየድ ነው። ጉብታዎቹ አንጓው ላይ ሲደርሱ ቆዳው ይሸሽላቸዋል፤ ሥሩ ላይ ሲያርፉ ደግሞ ቀለበቱ እንዳይዋልል፣ ፈርጡም እንዳይዞር ይይዙታል። ወርቁ ጥቂት ነው፣ ሥራውም የሰዓት ነው፤ ካልተስማማ በሞረድ ይነሣል። ሌላው ዘዴ በውስጡ ቀጭን ተጣጣፊ ልሙጥ ብረት ማስገባት ነው፤ ሲገባ ይጫናል፣ ከገባ በኋላ ይነሣል። ሦስተኛው፣ ውድ የሆነው፣ ቀለበቱን በማጠፊያ ከፍቶ በመቆለፊያ መዝጋት ነው፤ ይህ አንጓውን በጠቅላላ ስለማያልፍ መገጣጠሚያ በሽታ ላለበት ሰው ከሁሉ ይሻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ሁለቱን ጉብታዎች ሞክሩ እላለሁ። የብየዳ ሥራ በሚያውቅ በማንኛውም ወርቅ ሠሪ እጅ የሚያልቅ ነገር ነው።

ብር ለዚህ ከወርቅ ይልቅ ቸር ነው። በእስልምና ወርቅ ማጌጥ ለወንድ ስለተከለከለ፣ እንደ ባሌ ሙስሊም በሚበዛበት አገር በወንድ ጣት ላይ የሚታየው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ብር ነው። ብር ልል ነው፤ ጀርባው ክፍት ሆኖ የተሠራ የብር ቀለበት በእጅ ይሰፋል፣ በእጅ ይጠባል፤ አንጓ ሲያልፍ ከፈት፣ ሥር ሲደርስ ገጠም ይደረጋል። ደጋግሞ ካጣመሙት ግን ይሰለቻል፣ ይሰነጠቃልም። በኢትዮጵያ ለጌጥ ሲቀልጥ የኖረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83 በመቶ ገደማው ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ከአንዱ ጠገራ ስድስት ስድስት ግራም የሚመዝኑ አራት ቀለበቶች ወጥተው ጥቂት ይተርፋል።

የሃይማኖቱ ሥርዓት ሳይታሰብ የሚያስገኘው አንድ ጥቅም አለ። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ጠባብ ቀለበቱን ነቅነቅ አድርጎ ውኃው ከሥሩ እንዲደርስ ማድረግ ይጠበቅበታል። ቀለበቱን በቀን አምስት ጊዜ የሚነቀንቅ ሰው መጥበቅ የጀመረበትን ቀን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። እንደዚህ ያለ ልማድ የሌለው ሰው ቀለበቱ ለመጨረሻ ጊዜ የዞረበትን ዓመት እንኳ ላያስታውስ ይችላል። ከሥሩ የሚቀረው ሳሙናና እርጥበት ደግሞ ቆዳውን ያሳክካል፣ ይልጠዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ማሳከክ በብረቱ ያሳብባል። ኒኬል የተቀላቀለበት ርካሽ ብረት ከሆነ ጥፋቱ በእርግጥ የብረቱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ቀለበቱ ጠብቋል፣ አልወጣም ብሏል። በዚያ ጣት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ደም ቅዳ በልብ ግፊት የሚገፋ ስለሆነ በቀለበቱ ሥር ሰብሮ ያልፋል። ደም መልስ ግን ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ ቀድሞ የሚታፈነው እርሱ ነው። ደም ይገባል፣ አይወጣም። ጣቱ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀለበቱ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ጣቱ ይበልጥ ያብጣል። በኃይል መጎተት ደግሞ አንጓውን ሰንብሮ እብጠት ይጨምራል። ለዚህ ነው ከድንጋጤ ጋር የሚደረግ ጉተታ ግማሽ ሰዓት በፈጀ ቁጥር ቀለበቱ ከመጀመሪያው የበለጠ የማይነቃነቀው።

መጀመሪያ ማቆም ነው። እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ፣ ግድግዳ ላይ ወይም ራስ ላይ አስደግፎ አምስት፣ አሥር ደቂቃ መቆየት፤ በዚያው ጣቱን በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ። በጎባና በሮቤ የቧንቧው ውኃ ራሱ ይበቃል፤ ጊኒር ላይ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስነካት ነው፣ በረዶን በባዶ ቆዳ ላይ ማቆየት ግን አይገባም። ከዚያ ሳሙና፣ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ቅቤ ከቀለበቱ ሥርም ከአንጓው ላይም በደንብ መቀባት። ቀጥሎ ቀለበቱን ቀጥ አድርጎ መሳብ ሳይሆን፣ ጣቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ በሌላ ሰው እጅ ቆዳውን ወደ መዳፍ በኩል እየሳቡ፣ ቀለበቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ አንዴ በአንድ ጎን፣ አንዴ በሌላው ጎን ማስኬድ። ያ ትርፍ ቆዳ ከፊቱ ካልተከመረ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ይህ ካልሠራ ክር አለ። ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሜትር ያህል ለስላሳና ጠንካራ ክር፣ የጥርስ ክር ቢሆን እሰየው፣ ይወሰዳል። አንዱን ጫፍ በፀጉር ማስያዣ ወይም በመርፌ ጀርባ አድርገው ከቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ በኩል ያሳልፉታል፤ ይህ ጫፍ ይቆይ። ረጅሙን ክር ከቀለበቱ ጠርዝ ጀምረው ወደ ጣት ጫፍ በኩል፣ ክፍተት ሳይተዉ ጎን ለጎን፣ ጠበቅ አድርገው አንጓውን እስኪያልፍ ይጠመጥሙታል። ጥምጥሙ እብጠቱን ወደ ፊት ይገፋል፣ ትርፉንም ቆዳ ያስተኛል። አሁን ያቆዩትን የመዳፍ በኩል ጫፍ ይዘው ወደ ጣት ጫፍ አቅጣጫ እየሳቡ ጥምጥሙን መፍታት ነው። ክሩ በተፈታ ቁጥር ቀለበቱን አንድ አንድ ክር ወደ ፊት ያስኬደዋል፤ በተጠመጠመው ለስላሳ መንገድ ላይ አንጓውን ያልፋል። ያማል፤ የሚያምም መሆኑን ቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ጥምጥሙ የጣቱን ደም ስለሚያቆም ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ጣቱ የተሰበረ፣ የቆሰለ ወይም ስሜቱ የጠፋ ከሆነ ክር አይሞከርም።

ጣቱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ከነጣ፣ ከበረደ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም መታጠፍ ከተሳነው ዘዴ መሞከሩ ይቆምና ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጣቱ ገና ሳያብጥ ቀለበቱ መውጣት አለበት። በሐረና ጫካ ከዛፍ ላይ ቀፎ የሚያወርድ ሰው እጁን ንብ ከነደፈው መጀመሪያ የሚያደርገው መውጊያውን መንቀል ይሁን፤ ወዲያው ቀጥሎ ቀለበቱ ይወልቃል። እጁን እባብ የነደፈው፣ እሳት ያቃጠለው፣ በር የዘጋበት ሰውም ቀለበቱን ወዲያው ያውልቅ። ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ጌጥ ሁሉ እንዲያወልቅ የሚጠየቀው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ በሚሠራበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብረት ባለበት ቆዳው ሊቃጠል ይችላል፣ እጅም ያብጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት ጣቷ መወፈሩ የተለመደ ነው፤ ቀለበቷን በስድስተኛው ወር አካባቢ አውልቃ በአንገት ሐብል ብታደርገው ይበጃታል። እጅና ፊት በድንገት ካበጠ፣ በዚያ ላይ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መፍዘዝ ከመጣ ግን የደም ግፊት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያን ዕለት መታየት አለባት። ልጆች ደግሞ ከጋራዥ ያነሡትን ዳዶ ጣታቸው ውስጥ ያስገባሉ። ዳዶ ወፍራም ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይቆረጥም፤ ከክሩ ዘዴ ጋር ትዕግሥት ይጠይቃል።

መቆረጥ ካለበት ይቆረጥ። ሰው የሠርግ ቀለበቱን ለማስቆረጥ የሚያመነታው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ወርቁ ግን ተቆርጦ ይበየዳል። የቀለበት መቁረጫው ከቀለበቱ ሥር የሚገባ ቀጭን ጠፍጣፋ ምላስና ከላይ በእጅ የሚዞር ትንሽ ክብ መጋዝ አለው፤ ምላሱ ቆዳውን ይጠብቃል። ወርቅ፣ ብርና ናስ በዚህ በደቂቃዎች ያልቃሉ። የሚቆረጠው በመዳፍ በኩል፣ ቀለበቱ በቀጠነበት ነው። ወፍራም ከሆነ ትይዩ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠውን በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኝ መክፈት ያስፈልጋል። መጋዙ ስለሚግል ውኃ ጠብ እያደረጉ መሥራት ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ የወንድ ቀለበቶች ሌላ ነገር አምጥተዋል። ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ ቀለበት በሞረድም በመጋዝም አይበገርም፤ የጠነከረውን ያህል ግን ተሰባሪ ነው። ራሱን በሚቆልፍ ፒንሳ ያዝ አድርጎ፣ ፒንሳውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ዓይን መሸፈን ያስፈልጋል። በሴራሚክም እንዲሁ ነው። ቲታኒየም ግን አይሰበርም፤ ጠንካራ መጋዝ ይፈልጋል። ብረቱን የማያውቅ ሰው በመጋዝ ሲታገል ሊውል ስለሚችል፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው ቀለበቱ ከምን እንደተሠራ ነው። ተንግስተን ቀለበት ሊሰፋም አይችልም፤ ባለቤቱ ቢወፍር ሌላ መግዛት ነው። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል።

እስካሁን ያየነው ቀስ ብሎ የሚመጣ ችግር ነው። በአንድ ቅጽበት የሚመጣም አለ። ከጊኒርና ከሮቤ ስንዴ ጭኖ የሚወጣ ኢሱዙ ላይ የተሳፈረ ወዛደር የጎኑን ብረት ይዞ ወደ መሬት ይዘልላል፤ ቀለበቱ ብረቱ ላይ ከተሰካ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በዚያ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። ቆዳው፣ ደም ሥሩና ነርቩ አብረው ይገፈፋሉ፤ አንዳንዴም ጣቱ ይቆረጣል። የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ይህን ጉዳት ጄምስ ኡርባኒያክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መደብ ይለዩታል፤ በመጀመሪያው መደብ ደም ዝውውሩ ደህና ነው፣ በሁለተኛው ተቋርጧል፣ በሦስተኛው ጣቱ ተገፍፏል ወይም ተቆርጧል። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ጂሚ ፋለን እ.ኤ.አ. በ2015 ቤቱ ውስጥ ተደናቅፎ ሲወድቅ ቀለበቱ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተያዘበት፤ ጣቱን ለማዳን ስድስት ሰዓት የፈጀ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከዚያም አሥር ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆየ። ያን የመሰለ ጥቃቅን ደም ሥር የሚሰፋ ሐኪም በቅርብ በሌለበት አገር ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመኪና ጭነት ላይ የሚወጣ፣ በኮምባይነር ሰንሰለትና ቀበቶ አጠገብ የሚሠራ፣ አጥር የሚዘልል፣ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ሰው ቀለበቱን አውልቆ ይሥራ። የግድ ማድረግ ከፈለገ ሲጎተት የሚበጠስ የሲሊኮን ቀለበት አለ፣ ምን ያምራል ካላላችሁ።

የተቆረጠ ቀለበት የዚያኑ ዕለት ወርቅ ሠሪ ዘንድ አይወሰድም። ጣቱ አብጦ ሳለ የተለካ ልክ ከወር በኋላ ይሰፋል፤ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያም ሥሩንም አንጓውንም እንደገና መለካት ነው። በዙሪያው ሁሉ ፈርጥ የተሰካበት ወይም ጥልፍ የሞላበት ካልሆነ በቀር፣ ወርቅ ሠሪው ክፍቱን ገልጦ በመካከሉ ቁራጭ ወርቅ ይበይድበታል። ቁራጩ ካራቱ ከቀለበቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ባለ 18 ካራት ቀለበት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው፣ ባለ 21 ካራቱ 87.5፤ ከተለያየ ብየዳው በቀለም ያስታውቃል። የወርቅ ዋጋ ያስፈራው ሰው ስሌቱን ቀድሞ ይሥራው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ባለ 18 ካራት ቀለበት በአንድ ቁጥር ለማስፋት የሚጨመረው ወርቅ ከሩብ ግራም አይበልጥም፤ ሁለቱ ጉብታዎች ከታከሉበትም የሚመጣው ጭማሪ ከዚያ ያነሰ ነው። ወርቁ ሲጨመር በፊቱ እንዲመዘን መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።